ዲስክ ሲበላሽ የሬይድ ስብስብ ዳታንና ፓሪቲን መልሶ የሚገነባበት መንገድ

በጅማ ከተማ ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ፣ የሚሠራው በቡና ነጋዴ ቢሮም ይሁን በግል ክሊኒክ፣ በፎቶ ስቱዲዮም ይሁን በትምህርት ቤት፣ ከሬይድ ስብስቡ፣ ማለትም ተጣምረው እንደ አንድ ማከማቻ ከሚሠሩት ዲስኮቹ፣ አንዱ ዲስክ መበላሸቱን የሚያስታውቅ ማስጠንቀቂያ አንድ ቀን ይደርሰዋል። በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው የሚቸኩለው አዲስ ዲስክ ገዝቶ በተበላሸው ቦታ ለመሰካት ነው። እዚህ የሚቀርበው ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው፤ አስቀድሞ ዳታውን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ቀጥሎ የቀሩትን ዲስኮች ጤንነት መመርመር፣ አዲሱን ዲስክ ማስገባት ደግሞ ከሁለቱ በኋላ። መልሶ ግንባታ የሚካሄደው በደህና ያሉትን ዲስኮች ከመጀመሪያው ሴክተር (በዲስክ ላይ ዳታ የሚጻፍበት ትንሹ ክፍል) እስከ መጨረሻው በማንበብ ስለሆነ፣ ስብስቡ ሥራ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ካሳለፋቸው ሰዓታት ሁሉ ለጥፋት ይበልጥ የሚጋለጠው በእነዚያ ሰዓታት ነው። ይህ ለምን እንደሆነ የሚገባው ስሌቱን ላወቀ ሰው ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

የጠፋው ዳታ ከየት ይመጣል

ሬይድ በስፋት የታወቀው ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ባቀረቡት ጥናት ነው። ሐሳባቸው በአንድ ትልቅና ውድ ዲስክ ፋንታ ብዙ ርካሽ ትናንሽ ዲስኮችን አጣምሮ መጠቀም ነበር። ሆኖም የዲስኮቹ ቁጥር በበዛ መጠን ከመካከላቸው አንዱ ቶሎ የመበላሸቱ ዕድል ስለሚጨምር፣ የጠፋውን ለመተካት የሚያስችል ተጨማሪ መረጃ አብሮ መቀመጥ እንዳለበት አስረዱ። ፓሪቲ የሚባለው ይህ ተጨማሪ መረጃ ነው።

አራት ጆንያ ቡና ተመዝኖ የእያንዳንዱ ክብደትና የአራቱ ድምር በደረሰኝ ላይ ከተጻፈ፣ ከአራቱ የአንዱ ቁጥር ቢደበዝዝ ከድምሩ ላይ የሦስቱን ቀንሶ ማግኘት ይቻላል። ፓሪቲም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ዲስኮች መደመርን ሳይሆን ኤክስ-ኦር የተባለውን የቢት (የ0 እና የ1) ስሌት መጠቀማቸው ነው። በዚህ ስሌት ሁለት ቢቶች ከተመሳሰሉ ውጤቱ 0፣ ከተለያዩ 1 ይሆናል። በሦስት ዲስኮች ላይ 1011፣ 0110 እና 1100 የሚሉ ዳታዎች ተጽፈዋል እንበል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲሰሉ 1101 ይሰጣሉ፤ ይህ ከ1100 ጋር ሲሰላ 0001 ይሆናል፤ በአራተኛው ዲስክ ላይ የሚጻፈው ፓሪቲ ይኸው 0001 ነው። አሁን ሁለተኛው ዲስክ ተበላሽቶ 0110 ጠፋ። የቀሩትን 1011ንና 1100ን ስናሰላ 0111 እናገኛለን፤ እሱን ከፓሪቲው 0001 ጋር ስናሰላ 0110 ይመጣል። የጠፋው ዳታ ሳይጎድል ተመለሰ። አንባቢው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሌላ ቁጥር ቢሞክር መልካም ነው፤ ስሌቱን አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ሰው ከዚህ በኋላ የሚነገረውን ሁሉ በቀላሉ ይከተላል።

ሬይድ በቁጥር የሚለዩ ዓይነቶች አሉት። በሬይድ 5 ፓሪቲው በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ አይከማችም፤ በየረድፉ (ረድፍ ከየዲስኩ አንድ አንድ ክፍል የያዘ ነው) ቦታውን እየቀያየረ በሁሉም ዲስኮች ላይ ይሰራጫል። በዚህ ምክንያት የተበላሸው ዲስክ የያዘው ከፊሉን ዳታ፣ ከፊሉን ፓሪቲ ነበር ማለት ነው። መልሶ ግንባታው ረድፍ በረድፍ ሲሄድ፣ በአንዱ ረድፍ የጠፋው ዳታ ከሆነ ከቀሩት ዳታዎችና ከፓሪቲው ያሰላዋል፤ በሌላው ረድፍ የጠፋው ፓሪቲ ከሆነ ደግሞ ዳታዎቹን ብቻ አንብቦ ፓሪቲውን እንደ አዲስ ያወጣዋል። ለሁለቱም ስሌቱ አንድ ነው፤ ለሁለቱም ከቀሩት ዲስኮች አንዱም እንኳ ሳይቀር መነበብ አለበት።

ሬይድ 6 በየረድፉ ሁለተኛ ፓሪቲ ይጨምራል። ይህ ሁለተኛው የመጀመሪያው ቅጂ ቢሆን ኖሮ ሁለት የዳታ ዲስክ ሲጠፋ ምንም አይረዳም ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ የዳታ ብሎክ (በአንድ ረድፍ ውስጥ የአንድ ዲስክ ድርሻ) በራሱ የተለየ ቁጥር ተባዝቶ፣ 256 አባላት ባሉትና የጋልዋ መስክ በሚባለው የቁጥሮች ሥርዓት ውስጥ ይሰላል። በዚህ መንገድ ሁለት የማይታወቁ ነገሮችን ለማግኘት ሁለት የተለያዩ እኩልታዎች ይኖራሉ። አንድ የዳታ ብሎክና የመጀመሪያው ፓሪቲ አብረው ከጠፉ፣ ዳታው በሁለተኛው ፓሪቲ ይመለሳል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ፓሪቲ ከዳታው ይሰላል። አንዱን ዳታ በጥንድ ዲስኮች ላይ በሚጽፉት በሬይድ 1 እና በሬይድ 10 ስሌት የለም፤ አዲሱ ዲስክ የሚሞላው ከጥንድ ጓደኛው ላይ በመገልበጥ ብቻ ነው።

አደጋው ያለበት ቦታ

የሬይድ 5 ስብስብ አንድ ዲስክ ሲጎድለው ሥራውን ይቀጥላል፤ በተበላሸው ዲስክ ላይ የነበረ ፋይል በተጠየቀ ቁጥር የቀሩትን ሁሉ አንብቦ መልሱን በዚያው ቅጽበት ያሰላል። ቢሮው ፍጥነቱ ቢቀንስም ፋይሎቹን ስለሚያገኝ አደጋው ያለፈ ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን ስብስቡ ከዚህ በኋላ አንድም ስሕተት መሸከም የማይችል መሆኑ ነው።

እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ አራት ዲስኮች ያሉትን ሬይድ 5 እንውሰድ። አንዱ ሲበላሽ መልሶ ለመገንባት ከሦስቱ 12 ቴራባይት ይነበባል፤ ይህም 96 ትሪሊዮን ቢት ነው። ለቤትና ለአነስተኛ ቢሮ የሚሸጡ ብዙ ዲስኮች የመግለጫ ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው ወሰን፣ በ100 ትሪሊዮን ቢት ንባብ ቢበዛ አንድ ሊነበብ የማይችል ስሕተት የሚል ነው። በተግባር ዲስኮች ከዚህ ወሰን የተሻሉ ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ቁርጥ ፍርድ መውሰድ አይገባም፤ ነገር ግን ለዓመታት ማንም ያልነካው የዲስክ ክፍል ውስጥ የተደበቀ የማይነበብ ሴክተር ካለ፣ የሚገለጠው በዚህ ሙሉ ንባብ ወቅት ነው። ያኔ አንዳንዱ ኮንትሮለር (ስብስቡን የሚቆጣጠረው ካርድ ወይም ሶፍትዌር) ግንባታውን ያቆማል፤ ሌላው ያንን ብሎክ እንደጠፋ መዝግቦ ይቀጥላል። ሬይድ 6 ቢሆን ሁለተኛው ፓሪቲ ያን ቀዳዳ ይሸፍነው ነበር፤ ትልልቅ ዲስኮች ለሚጠቀም ሰው ከሬይድ 5 ይልቅ ሬይድ 6ን የምመክረው ለዚህ ነው።

ጊዜውንም ማስላት ይገባል። 8 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት እየተጻፈበት ያለማቋረጥ ቢሞላ 15 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሠራተኞች በዚያው ጊዜ ፋይል እየከፈቱና እየጻፉ ከሆነ ደግሞ በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊረዝም ይችላል። ተራ ሬይድ በዲስኩ ላይ ያለው ቦታ በፋይል ይያዝ ባዶ ይሁን ስለማያውቅ ሁሉንም ይገነባል፤ ዜድ-ኤፍ-ኤስን የመሰለ የፋይል ሥርዓት ግን ዳታ ያለበትን ክፍል ብቻ ስለሚመልስ ግማሹ ባዶ የሆነ ስብስብ ላይ ጊዜ ይቆጥባል።

ዲስክ ከመንካትዎ በፊት

ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ዲስኩ በእውነት መበላሸቱን ያረጋግጡ። ዲስኩ ስለራሱ የሚይዘውን የስማርት መዝገብ ያንብቡ። ቁጥር 199 የሆነው መስመር፣ ማለትም በኬብሉ ላይ የተከሰተውን የዝውውር ስሕተት የሚቆጥረው፣ እያደገ ከሆነና የተበላሹ ሴክተሮችን የሚቆጥሩት መስመሮች ዜሮ ከሆኑ ጥፋቱ ያለው በኬብሉ ወይም በመሰኪያው ላይ ሊሆን ይችላል። ሌላም ምክንያት አለ። ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር የተሠሩ ዲስኮች አንድ ሴክተር አልነበብ ሲላቸው ለረጅም ጊዜ ደጋግመው ይሞክራሉ፤ ሊኑክስ የተባለው የሰርቨር ሥርዓተ ክወና በተለመደው ቅንብሩ ለአንድ ትእዛዝ የሚጠብቀው 30 ሰከንድ ስለሆነ፣ ዲስኩ ዝም ሲል እንደሞተ ቆጥሮ ከስብስቡ ሊያስወጣው ይችላል። ለሬይድ የተሠሩ ዲስኮች ብዙውን ጊዜ በ7 ሰከንድ ውስጥ ስሕተቱን አምነው ይመልሳሉ፤ ያን ጊዜ ስብስቡ ያችን ሴክተር ከፓሪቲ አስልቶ መልሶ ይጽፍላቸዋል፤ ዲስኩም ከሥራ አይወጣም። ይህን የጊዜ ገደብ ማስተካከል የሚፈቅድ ዲስክ ካለዎት ወደ 7 ሰከንድ ያድርጉት፤ የማይፈቅድ ከሆነ የሊኑክሱን የጥበቃ ጊዜ ያርዝሙ።

ቀጥሎ ቅጂ ነው። የዲስክ ስብስብ ባክአፕ (ተለይቶ የሚቀመጥ ቅጂ) አይደለም፤ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከፓሪቲው ጋር አብሮ ይሰረዛል። ሆኖም ባክአፕ ያለውም ሰው ቢሆን የመጨረሻው ቅጂ የተወሰደበትን ቀን አይቶ፣ ከዚያ ወዲህ የተጨመረውን አሁኑኑ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጥ። ሁሉንም መገልበጥ ካልተቻለ ምትክ ከሌለው ይጀምር፤ በክሊኒክ የሕሙማን መዝገብና የላቦራቶሪ ውጤት፣ በንግድ ቢሮ የሒሳብ ዳታቤዙና የውል ሰነዶች፣ በስቱዲዮ ገና ለባለቤቱ ያልተሰጠ የሠርግ ፎቶ። ይህን ማስቀደም የሚገባው፣ መገልበጡ የሚያነበው ፋይል ያለበትን ቦታ ብቻ ስለሆነ ከሙሉ መልሶ ግንባታ ይልቅ የተዳከመን ዲስክ የሚያደክመው በመጠኑ ስለሆነ ነው። ሴክተር ቢበላሽ እንኳ የሚጠፋው አንድ ፋይል ነው፤ ሌላው ይገለበጣል።

ከዚያ በኋላ የቀሩትን ዲስኮች የስማርት መዝገብ አንድ በአንድ ይመልከቱ። መስመር 5 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩትን ሴክተሮች፣ መስመር 197 ዲስኩ የተጠራጠራቸውንና ገና ውሳኔ ያልተሰጠባቸውን፣ መስመር 198 ደግሞ ሊታረሙ ያልቻሉትን ይቆጥራል። በመስመር 197 ላይ ከዜሮ የሚበልጥ ቁጥር ያለው ዲስክ በስብስቡ ውስጥ ካለ ግንባታውን አይጀምሩ። ስብስቡን አቁመው ያንን የታመመ ዲስክ ዲዲሬስኪዩ በተባለው መሣሪያ ወደ አዲስ ዲስክ ይገልብጡት፤ መሣሪያው በመጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይወስዳል፣ አስቸጋሪዎቹን ቦታዎች መዝግቦ በኋላ ይመለስባቸዋል። በግልባጩ ተክተው ስብስቡን ሲያስነሱ፣ ያልተነበቡት ሴክተሮች ያሉበት ቦታ ቢጎድልም የቀረው ይገነባል።

አዲሱን ዲስክ ማስገባት

ምትኩ ዲስክ መጠኑ ከወጣው ዲስክ እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት፤ በጥቂት ሴክተሮች እንኳ ካነሰ ስብስቡ አይቀበለውም። ሲገዙ ሞዴሉ ትራኮቹን አንዱን በአንዱ ላይ በከፊል ደርቦ የሚጽፍ ዓይነት፣ ማለትም ኤስ-ኤም-አር የሚባለው፣ አለመሆኑን ከአምራቹ መግለጫ ያረጋግጡ። ይህ ዓይነት ዲስክ ረጅምና የማያቋርጥ ጽሑፍ ሲመጣበት ፍጥነቱ በጣም ስለሚወርድ፣ በሰዓታት የሚያልቀው ግንባታ ቀናት ሊወስድበት ይችላል። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የሚፈለገው ሞዴል እዚያ ተገኝቶ በአውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ስብስቡ ጎዶሎ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ምትክ ዲስክ አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ ቅንጦት አይደለም። የሚቀመጠውም ከነፀረ ስታቲክ ከረጢቱ፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ታሽጎ ይሁን፤ የከተማው ረጅም የዝናብ ወቅት ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አይመችም።

የሚነቀለውን ዲስክ በሴሪያል ቁጥሩ ይለዩት። ሶፍትዌሩ የሚሰጠው ስም ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል፤ የመሰኪያው ቅደም ተከተልም ሁልጊዜ ከስሙ ጋር አይገጥምም። ጎዶሎ ከሆነ ሬይድ 5 ላይ በስሕተት ደህናውን ዲስክ መንቀል ስብስቡን ወዲያው ያቆመዋል። የእያንዳንዱን ዲስክ ሴሪያል ቁጥር ዛሬውኑ፣ ሁሉም ነገር ደህና ሳለ፣ በመያዣው ላይ ጽፎ መለጠፍ ትልቅ ዋጋ ያለው ሥራ ነው።

በሊኑክስ ላይ ሥራው የሚካሄደው ኤምዲአድም በተባለው መሣሪያ ነው። የተበላሸውን ዲስክ እንደተበላሸ ያስመዘግባሉ፣ ከስብስቡ ያስወግዳሉ፣ አዲሱን ይጨምራሉ፤ ግንባታው በራሱ ይጀምራል። ዲስኩ ገና እየሠራ ግን እየደከመ ከሆነ የተሻለ መንገድ አለ፦ አሮጌውን ሳያስወጡ አዲሱን በጎን ጨምረው እንዲተካው ማዘዝ። ያኔ ዳታው በቀጥታ ከአሮጌው ይገለበጣል፤ ከፓሪቲ የሚሰላው አሮጌው ማንበብ ያቃተው ቦታ ብቻ ነው። ስብስቡም ለአንድ ደቂቃ እንኳ ጎዶሎ አይሆንም። ይህ አማራጭ እያለ ብዙ ሰው ዲስኩ እስኪሞት መጠበቁ ያሳዝነኛል።

ግንባታው ምን ያህል እንደሄደና ስንት ደቂቃ እንደቀረው በሲስተሙ የስብስብ ሁኔታ ፋይል ላይ ይታያል። ሊኑክስ ሌላ ሥራ ሲበዛበት ግንባታውን በሰከንድ እስከ 1,000 ኪሎባይት ድረስ ሊያወርደው ይችላል፤ ይህም የተለመደው ዝቅተኛ ወሰን ነው። ከፍተኛው ወሰን 200,000 ኪሎባይት ነው። ባክአፑ ከተጠናቀቀ በኋላ የሥራ ሰዓት እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወዲያው ይጀምሩ፣ ማታ ቢሮው ሲዘጋ ዝቅተኛውን ወሰን ከፍ ያድርጉት። የዲስኮቹን ሙቀትም ይከታተሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያለ ዕረፍት ስለሚሠሩ የሰርቨሩ አየር ማስገቢያ በአቧራ የተደፈነ ከሆነ በዚህ ጊዜ ያስታውቃል።

መብራት ሲጠፋ

በዝናብ ወራት ነጎድጓድ ሲመጣ መብራት የሚቋረጥበት አካባቢ ላለ ሰው ይህ ክፍል ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ሬይድ 5 ትንሽ ዳታ ሲቀይር አሮጌውን ዳታና አሮጌውን ፓሪቲ ያነባል፣ አዲሱን ፓሪቲ ያሰላል፣ ከዚያ አዲሱን ዳታና አዲሱን ፓሪቲ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ይጽፋል። ዳታው ተጽፎ ፓሪቲው ሳይጻፍ መብራት ቢጠፋ የዚያ ረድፍ ስሌት አይገጥምም። ሁሉም ዲስኮች ካሉ ሲስተሙ ሲነሣ ፓሪቲውን እንደገና ያሰላዋል፤ ችግሩ ያልፋል። አንድ ዲስክ በጎደለበት ሰዓት ግን በዚያ የተሳሳተ ፓሪቲ የሚሰላው የጠፋው ዲስክ ዳታ ይሆናል። በዚያ ቅጽበት ማንም ያልነካው፣ በዚያው ረድፍ ላይ በመሆኑ ብቻ የተጎዳ የሌላ ፋይል ክፍል ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ተሳስቶ ይመለሳል።

ሊኑክስ ጎዶሎ የሆነና በትክክል ሳይዘጋ የጠፋ ሬይድ 5ን ሲነሣ በራሱ ለማስጀመር እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ይህን ያየ ባለሙያ ስብስቡ እንደሞተ አይቁጠር፤ በግዳጅ ማስነሣት ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ ግን የፋይል ሥርዓቱን መፈተሽና የመጨረሻዎቹን ሰነዶች ከባክአፕ ጋር ማመሳከር ግድ ይላል። መከላከያው ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለሰርቨሩ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ያለው መሣሪያ፣ ነው። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲዘጋ በኬብል የተገናኘና የተሞከረ መሆን አለበት፤ ደቂቃዎች ብቻ የሚሰጥ ዩፒኤስ ያለዚህ ግንኙነት አደጋውን ከማዘግየት በቀር አይጠቅምም። በሥርዓት የተዘጋ ስብስብ መብራት ሲመለስ ግንባታውን ከደረሰበት ይቀጥላል። ባትሪ ያለው የሬይድ ካርድ ወይም ለስብስቡ የተለየ የጆርናል ዲስክ (የሚጻፈውን አስቀድሞ የሚመዘግብ) ደግሞ ቀዳዳውን ከሥሩ ይዘጋዋል።

ሁለተኛው ዲስክ ቢወድቅ

በግንባታ መካከል ሁለተኛ ዲስክ ከሬይድ 5 ከወጣ ስብስቡ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት በዚያው ዲስኮች ላይ አዲስ ስብስብ መፍጠር ነው። የዲስኮቹ ቅደም ተከተል ወይም የረድፉ መጠን ከቀድሞው ከተለየ አዲሱ የፓሪቲ ስሌት በደህናው ዳታ ላይ ይጻፍበታል። በእያንዳንዱ ዲስክ መለያ መዝገብ ላይ ስብስቡ በተለወጠ ቁጥር የሚያድግ፣ የክስተት ቁጥር የሚባል አለ፤ የዲስኮቹን ቁጥሮች ያነጻጽሩ። ሁለተኛው ዲስክ የወጣው በኬብል ወይም በጊዜ ገደብ ምክንያት ከሆነ ቁጥሩ ከሌሎቹ የሚያንሰው በጥቂቱ ነው፤ ያኔ ነባሩን ስብስብ በግዳጅ አገጣጥሞ ማስነሣት ብዙ ጊዜ ይሳካል። ከመሞከር በፊት ግን ሁሉንም ዲስኮች በዲዲሬስኪዩ ገልብጦ በግልባጮቹ ላይ መሥራት ነው። ለዚህ የሚሆን ዲስክ ከሌለ ሰርቨሩን አጥፍቶ ዲስኩ እስኪገኝ መጠበቅ ይሻላል፤ የጠፋ ሰርቨር ላይ ያለ ዳታ አይበላሽም።

ግንባታው ካለቀ በኋላ

ስብስቡ ሙሉ ሲሆን ሙሉ ፍተሻ ያዝዙ። ፍተሻው ሁሉንም ረድፍ አንብቦ ፓሪቲው ከዳታው ጋር መግጠሙን ያያል፣ የማይነበብ ሴክተር ሲያገኝም ከሌሎቹ አስልቶ ይጽፍበታል። ፓሪቲው ባልገጠመበት ረድፍ ግን ሬይድ 5 የተሳሳተው ዳታው ይሁን ፓሪቲው ማወቅ አይችልም፤ እንዲጠግን ከታዘዘ ዳታውን እንዳለ አምኖ ፓሪቲውን ብቻ ያስተካክላል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ጥገና መፈተሽ፣ ያልገጠሙ ረድፎች ቁጥር ከዜሮ ከበለጠ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ይህን ፍተሻ በወር አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው እሑድ እንዲያካሂድ ተደርጎ ይመጣል። በሌሎች ሲስተሞች ላይ በእጅ መርሐ ግብር ያስይዙለት። ቡና በሚለቀምበትና ቢሮዎች ሌሊትም በሚሠሩባቸው ወራት ሰዓቱን ማዛወር ይቻላል፤ መዝለል ግን ለቀጣዩ መልሶ ግንባታ ያልታወቀ ሴክተር ማቆየት ነው።

የማስጠንቀቂያው ኢሜይል በትክክል ለሚያነበው ሰው መድረሱን የሙከራ መልእክት ልከው ያረጋግጡ። ያገለገለውን ምትክ ዲስክ በሌላ ይተኩ፣ አዲሱን ሴሪያል ቁጥርም ይለጥፉ። የወጣው ዲስክ ደግሞ ለጥገና ሱቅ ወይም ለአሮጌ ዕቃ ገዢ እንዲሁ አይሰጥ። ሊኑክስ በተለመደው ቅንብሩ በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ተከታታይ ዳታ የሚጽፈው በ512 ኪሎባይት ክፍል ስለሆነ፣ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ የላቦራቶሪ ውጤት ወይም አንድ ትንሽ ፎቶ በአንዱ ዲስክ ላይ ብቻ ሙሉውን ሊገኝ ይችላል። ዲስኩ የሚሠራ ከሆነ ሙሉ በሙሉ በዜሮ ይጻፍበት፤ የማይሠራ ከሆነ ሳህኖቹ ወጥተው ይሰባበሩ።